ከገጹ ጀርባ ያለው ሒሳብ፦ የተጠቃሚ ልምድ ንድፍ ለንግድ ሥራ ለምን ወሳኝ ሆነ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 አማዞን ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር የነበረውን ክርክር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ። ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ሲሆን፣ 1.5 ቢሊዮኑ ደግሞ ፕራይም በተባለው የአባልነት አገልግሎት ሳያስቡት ለተመዘገቡ ወይም ለመውጣት ሞክረው ላልተሳካላቸው ደንበኞች የሚመለስ ነው። ኩባንያው ጥፋት መፈጸሙን አላመነም። ክሱ የሸቀጥ ጥራትን ወይም ዋጋን የሚመለከት አልነበረም፤ ያከራከረው የቁልፎች አቀማመጥ፣ የቃላት አመራረጥና የገጾች ቅደም ተከተል ነበር። ኮሚሽኑ ባቀረበው ክስ መሠረት አባልነቱን ማቋረጥ የፈለገ ሰው 4 ገጾችን ማለፍ፣ 6 ጊዜ መጫንና 15 አማራጮችን ማየት ይጠበቅበት ነበር። ሂደቱም በኩባንያው ውስጥ «ኢሊያድ» ይባል ነበር፤ ስሙ ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት ከሚተርከው ጥንታዊ የግሪክ ግጥም የተወሰደ ነው።

ይህ ጉዳይ ስለ ንድፍ በሚደረገው ውይይት ውስጥ ያለውን ግርታ ወደ ላይ አውጥቶታል። አንዱ ወገን ንድፍን ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሚቀባ ቀለም ያየዋል፤ ምርቱ ጠቃሚ ከሆነ ሰው ይለምደዋል ይላል። የሙያው አቀንቃኞች ደግሞ የአንድን ኩባንያ ስኬት ሁሉ በንድፍ ብልጫ፣ ውድቀቱን ሁሉ በንድፍ ጉድለት ማስረዳት ይቀናቸዋል። ሁለቱም የሚዘልሉት ጥያቄ አንድ ነው፦ በአንድ ገጽ ላይ የሚደረግ ምርጫ በምን መንገድ አልፎ ከገቢና ወጪ መዝገብ ይደርሳል?

ቃሉና ድንበሩ

«የተጠቃሚ ልምድ» ዩዘር ኤክስፔሪየንስ ለሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የተሰጠ አቻ ሲሆን፣ የሙያው ሰዎች በአጭሩ ዩኤክስ ይሉታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ በ9241-210 ደረጃው የሚሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ አንድን ምርት፣ ሥርዓት ወይም አገልግሎት ከመጠቀም፣ ወይም ወደፊት እጠቀምበታለሁ ብሎ ከማሰብ፣ በሰው ዘንድ የሚፈጠረውን ግንዛቤና ምላሽ ይጨምራል። ወደፊት መጠቀምን የሚጠቅሰው ክፍል ለንግድ ሰው ልዩ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጉላላ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ ገጹን ሳይከፍተው ውሳኔውን ጨርሷልና።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ዩአይ፣ ማለትም የተጠቃሚ ገጽታ፣ ጠበብ ያለ ነገር ነው። ዩአይ ዓይን የሚያየውና ጣት የሚነካው ክፍል ነው፦ ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ቁልፉ፣ ምናሌው። የተጠቃሚ ልምድ ግን ደንበኛው ስለ አገልግሎቱ ከሰማበት ጊዜ አንሥቶ እስከሚመዘገብበት፣ እስከሚከፍልበት፣ ሲሳሳት እስከሚያርምበትና ቅሬታውን አቅርቦ መልስ እስከሚያገኝበት ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ይይዛል።

የዘርፉ ሥር ከግል ኮምፒውተር ዘመን በፊት ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም ካረፉ በኋላ አብራሪዎቹ በክንፉ ላይ ያለውን ፍላፕ የተባለ ተንቀሳቃሽ አካል የመለሱ እየመሰላቸው የማረፊያ ጎማውን ያጥፉ ነበር። ጉዳዩን የመረመሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፎንስ ቻፓኒስ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና በእጅ ሲዳሰሱ የማይለዩ መሆናቸውን አስተዋሉ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘውም ለጎማው መቆጣጠሪያ የጎማ ቅርጽ፣ ለፍላፑ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው እጀታ መግጠም ነበር። «የአብራሪው ስህተት» ተብሎ ይመዘገብ የነበረው ነገር የሠሪው ስህተት ሊሆን እንደሚችል መታየት የጀመረው እንዲህ ካለው ሥራ ነው። ስያሜው የተስፋፋው ግን ብዙ ቆይቶ፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ ዶናልድ ኖርማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፕል ኩባንያ ውስጥ በሥራ መጠሪያቸው ላይ ካዋሉት በኋላ ነው። እሳቸውም ቃሉን የመረጡት ከዚያ በፊት የነበሩት ስያሜዎች ከስክሪኑ አልፈው የሰውየውን አጠቃላይ ገጠመኝ ማቀፍ አልቻሉም በሚል ነበር።

ልዩነቱን ኤም-ፔሳ ከተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ ሲጀመር በተራ ስልክ ላይ የሚሠራ፣ ሥዕልም ጌጥም የሌለው የጽሑፍ ምናሌ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ለአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች መክፈያ እንዲሆን ነበር፤ በሙከራው ወቅት ግን ሰዎች ገንዘቡን እርስ በርስ ለመላላክ እንደሚጠቀሙበት ታየና አገልግሎቱ በዚያው ዙሪያ ተቀረጸ። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበሉና የሚሰጡ ወኪሎች በየቦታው መኖራቸው፣ ላኪው ወዲያው የማረጋገጫ መልእክት ማግኘቱ፣ ምናሌው አጭር መሆኑ፦ የተጠቃሚ ልምዱ እነዚህ ነበሩ። በውበት ውድድር አንደኛውን ዙር የማያልፍ ገጽ በንግድ ሥራ ግን ተሳካለት።

ድካሙ የት ይሄዳል?

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ላሪ ቴስለር በሙያው የሚታወቁበት አንድ አስተያየት አለ፤ እያንዳንዱ ሥራ ሊቀነስ የማይችል የራሱ ውስብስብነት አለው፣ ጥያቄውም ማን ይሸከመው የሚለው ነው የሚል። የስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ እንውሰድ። ሰው ቁጥሩን ክፍተት እየተወ ቢጽፈው ፕሮግራሙ ክፍተቱን ራሱ ሊያወጣው ይችላል፤ ይህም ለፕሮግራመሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፕሮግራመሩ ካልሠራው ግን ቅጹ «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ ይመልሰዋል፤ አንዱ ባለሙያ አንድ ጊዜ ሊሠራው ይችል የነበረውን እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየተራው ይሠራዋል።

በንድፍ ጊዜ የተቆጠበው ድካም ስለዚህ አልጠፋም፤ ወደ ተጠቃሚው ተዛወረ እንጂ። ከዚያም ብዙውን ጊዜ በሌላ መልክና በሌላ የሥራ ክፍል መዝገብ ወደ ኩባንያው ይመለሳል። የተጠቃሚ ልምድ ንድፍ የንግድ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪውን የፈጠረው ክፍልና ወጪውን የሚከፍለው ክፍል ስለሚለያዩ ችግሩን ለማየት ያስቸግራል።

መጀመሪያ የሚታየው መመለሻ መንገድ ጥሎ መሄድ ነው። የኢንተርኔት ግብይትን የሚያጠናው ቤይማርድ የተባለ ተቋም የልዩ ልዩ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ ባወጣው አማካይ መሠረት፣ ዕቃ መርጠው ወደ ቅርጫት ካስገቡ ሰዎች 70 ከመቶ ያህሉ ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ቁጥሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ብዙዎቹ ዋጋ ለማወዳደር ወይም ለማየት ብቻ የገቡ ናቸውና ምንም ዓይነት ንድፍ ገዥ አያደርጋቸውም። የሚያሳስበው ሊገዛ ቆርጦ የመጣውና በመጨረሻው ደረጃ ላይ ባልጠበቀው ተጨማሪ ክፍያ፣ በግዴታ ምዝገባ ወይም በረጅም ቅጽ ተሰላችቶ የሚሄደው ነው። ይህ ሰው ማስታወቂያው፣ ዕቃው፣ ዋጋው ሁሉ ያሳመነው ደንበኛ ነው፤ እሱን ለማምጣት የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚጠፋው።

የግዴታ ምዝገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከንግድ ውጭ የሆነ አንድ ታዋቂ ምሳሌ ያሳያል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት፣ ጎብኚው የመድን ዓይነቶችንና ዋጋቸውን ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ይጠይቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። ውድቀቱ ከኮንትራት አስተዳደር እስከ ሰርቨር አቅም ድረስ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ለማየት ብቻ የመጣውን ሁሉ በአንድ ጠባብ በር እንዲያልፍ ያስገደደው ውሳኔ ከባዱን ጭነት በሥርዓቱ እጅግ ደካማ ክፍል ላይ አሳርፎታል። ንድፍና ምህንድስና የተለያዩ ሥራዎች ቢመስሉም አንዱ የሌላውን ሸክም ይወስናል።

ፍጥነትም ከዚሁ ይመደባል። የአጠቃቀም ምቾት አጥኚው ጃኮብ ኒልሰን በ1993 ባጠቃለሏቸው መለኪያዎች መሠረት እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ የሚመጣ ምላሽ ለሰው ፈጣን ሆኖ ይሰማዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ ሐሳቡ ሳይቋረጥ ይቆያል፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ትኩረቱ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። እነዚህ ልኮች የሰው አእምሮ ልኮች ስለሆኑ ማሽኖች በፈጠኑ ቁጥር አይለወጡም። ቡ ዶት ኮም የተባለው የልብስ መሸጫ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የተከፈተው በጊዜው ብዙ ሰው በስልክ መስመር ሞደም ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ወቅት ለመጫን ረጅም ጊዜ በሚፈጅ፣ በተንቀሳቃሽ ምስል በተሞላ ገጽ ነበር፤ 135 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ በሜይ 2000 ተዘጋ። የተዘጋው ከልክ ባለፈ ወጪና በኢንቨስተሮች መሸሽ ጭምር ነው፤ ገጹ ግን ዕቃ ለመሸጥ የተሠራ ሳይሆን ራሱን ለማሳየት የተሠራ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው መመለሻ መንገድ የጥሪ ማዕከሉ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ግልጽ ያልሆነ የሒሳብ መግለጫ ዓረፍተ ነገር በወር 100 ሺህ ሰዎች ዘንድ ይደርሳል ብንልና ከመቶ 2ቱ ትርጉሙን ለመጠየቅ ቢደውሉ፣ 2 ሺህ ጥሪ ይሆናል። ወጪው በደንበኞች አገልግሎት ክፍል በጀት ላይ «የጥሪ ብዛት ጨመረ» ተብሎ ይመዘገባል፤ መፍትሔውም ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር ሆኖ ይቀርባል። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው ክፍል ይህን ላያውቅ ይችላል።

የ900 ሚሊዮን ዶላሩ ቅጽ

ሦስተኛው መንገድ ስህተት ነው፤ እዚህ ላይ በፍርድ ቤት ሰነድ በዝርዝር ስለተመዘገበ አንድ ጉዳይ መቆየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2020 ሲቲባንክ ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ያበደሩ ድርጅቶችን ወክሎ ክፍያ እያስተናገደ ነበር። ሊከፈል የታሰበው 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ነበር። ዋናው ብድር ግን ለሒሳብ አሠራር ሲባል በሥርዓቱ ውስጥ እንደተከፈለ ተቆጥሮ፣ ገንዘቡ ከባንኩ ሳይወጣ ወደ አንድ የውስጥ ሒሳብ መዞር ነበረበት።

ባንኩ ይጠቀምበት በነበረው ፍሌክስኪዩብ የተባለ ሶፍትዌር ይህን ለማድረግ የውስጥ ሒሳቡን ቁጥር «ፕሪንሲፓል»፣ «ፍሮንት» እና «ፈንድ» በተባሉ 3 ቦታዎች ላይ መሙላት ያስፈልግ ነበር። ሥራውን የያዘው ሰው «ፕሪንሲፓል» ማለት ዋናው ብድር ስለሆነ እሱን መሙላት ብቻ ይበቃል ብሎ አሰበ፤ ስያሜዎቹን ለሚያነብ ሰው ይህ ግምት የሚያስነቅፍ አይደለም። ክፍያውን መርምረው ማጽደቅ የነበረባቸው 2 ተጨማሪ ሰዎችም እንደዚሁ አሰቡ። ሥርዓቱ ማስጠንቀቂያ አላሳየም ማለት አይቻልም፤ ገንዘብ ከባንኩ እንደሚወጣ ገልጾ መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቋል። ወለዱ በእርግጥም የሚወጣ ገንዘብ ስለነበረ ማስጠንቀቂያው የሚጠበቅ መሰለ፤ የሚወጣው 8 ሚሊዮን ይሁን 900 ሚሊዮን ግን አልተናገረም። በዚህ መንገድ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የባንኩ ገንዘብ ወደ አበዳሪዎቹ ሄደ።

ከዚያ የተከተለው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። 500 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን የተቀበሉ አበዳሪዎች አንመልስም አሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2021 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገንዘቡን መያዝ ይችላሉ ብሎ ፈረደ፤ በሴፕቴምበር 2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እስከሻረው ድረስ ባንኩ ከሁለት ዓመት በላይ ገንዘቡን ማስመለስ አልቻለም።

«3 ሰው አይቶት እንዴት ያልፋል?» የሚለው ጥያቄ በወቅቱ በብዛት ተነሥቶ ነበር። የጥያቄው አቅጣጫ ራሱ የተሳሳተ ይመስላል። 3 ሰዎች አንድ ዓይነት አሳሳች ገጽ ሲያዩ አንድ ዓይነት ስህተት መሥራታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ተቆጣጣሪ መጨመር ሰዎቹ የሚሳሳቱት በተለያየ ምክንያት ሲሆን ይጠቅማል፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ሲሳሳቱ ግን ፊርማ ከማብዛት ያለፈ ፋይዳ የለውም። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በትልልቅ ድርጅቶች ለምን እንደሚበዛም መረዳት አያስቸግርም። የሚገዛው የሥራ ኃላፊ ወይም የግዥ ኮሚቴ ነው፤ የሚያወዳድሩት የአገልግሎቶቹን ዝርዝር፣ የደኅንነት ማረጋገጫውንና ዋጋውን ነው። በየቀኑ 8 ሰዓት ከፊቱ የሚቀመጠው ሠራተኛ በምርጫው ላይ ድምፅ ስለሌለው፣ ሻጩም የዚያን ሠራተኛ ድካም ለመቀነስ የሚያስገድደው ገበያ የለም። ለግል ደንበኞች በሚቀርብ መተግበሪያ ላይ ያልረካው ሰው መተግበሪያውን ያጠፋዋል፤ የቢሮ ሠራተኛ ግን የሚያጠፋው ነገር የለውም፤ ማስታወሻ ወረቀት በስክሪኑ ጠርዝ እየለጠፈ ይኖራል።

ቁጥሮቹ ምን ያህል ይታመናሉ?

ንድፍ ትርፍ ያመጣል የሚለውን ክርክር የሚደግፉ ቁጥሮች በብዛት ይሰራጫሉ፤ ሁሉም ግን እኩል ክብደት የላቸውም። በአቀራረቦችና በማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ የሚጠቀሰው «ለተጠቃሚ ልምድ የወጣ 1 ዶላር 100 ዶላር ይመልሳል» የሚለው አባባል ከሁሉ ደካማው ነው። በየትኛው ምርት፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ አንድ ቁጥር ለሁሉም የንግድ ዓይነት ሊሠራ አይችልም። ይህን ቁጥር ይዞ ለበጀት የሚከራከር ባለሙያ፣ ሒሳብ በሚያውቅ የፋይናንስ ኃላፊ ፊት ጉዳዩን ይጎዳዋል።

ከዚያ የሚሻለው ማኪንሲ የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት ነው። በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ 300 ኩባንያዎችን ለ5 ዓመታት ተከታትሎ፣ በንድፍ አሠራራቸው ከላይኛው ሩብ የተመደቡት ከተወዳዳሪዎቻቸው ይልቅ የገቢ ዕድገታቸው በ32 መቶኛ ነጥብ፣ ለባለአክሲዮኖች ያስገኙት ጠቅላላ ጥቅም ዕድገት ደግሞ በ56 መቶኛ ነጥብ እንደሚበልጥ ገልጿል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሆኖም ጥናቱ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ሊያረጋግጥ አይችልም። በደንብ የሚመራ ኩባንያ ንድፍንም፣ ምህንድስናንም፣ ሽያጭንም በደንብ ያካሂዳል፤ ገንዘብ የተረፈው ኩባንያ ደግሞ ጥሩ ዲዛይነሮችን መቅጠር ይቀለዋል። አጥኚው ድርጅት ራሱ የንድፍ ምክር እንደሚሸጥም መዘንጋት የለበትም።

ተጠራጣሪዎች የሚያነሡት ክሬግስሊስት የተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽም መልስ የሚያሻው ምሳሌ ነው። መልኩ ከ1990ዎቹ እምብዛም ሳይለወጥ ለአሥርተ ዓመታት ትርፋማ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ንድፍ አያስፈልግም ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ነገር ግን ገጹ በፍጥነት ይከፈታል፣ ማስታወቂያ ለማውጣት ረጅም ምዝገባ አይጠይቅም፣ የሚፈለገው ነገር ከዓመት ዓመት በዚያው ቦታ ይገኛል። ደካማው መልኩ ነው እንጂ የአጠቃቀም ልምዱ አይደለም። የክርክሩ ጠንካራ ክፍል ሌላ ነው፤ ሻጩም ገዥውም አንድ ቦታ ከተሰባሰቡ በኋላ ለመሄድ ስለሚከብዳቸው፣ ኩባንያው ለንድፍ ግድ ባይኖረው እንኳ ለብዙ ጊዜ አይቀጣም። የተጠቃሚ ልምድ ክብደት የሚጨምረው ደንበኛው ወደ ሌላ ለመሄድ በሚቀለው መጠን ነው። ብቸኛ አቅራቢ የሆነ ድርጅት መጥፎ ገጽ ይዞ ሊያተርፍ ይችላል፤ ተወዳዳሪ በመጣ ማግሥት ግን የቆየው ቅሬታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

ለውጥ ራሱ ዋጋ ሲያስከፍል

የተሻለ ንድፍ ሁልጊዜ የተሻለ ውጤት ያመጣል የሚለው ግምት አንድ ነገር ይረሳል፤ እሱም ልማድን ነው። ስናፕቻት እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ገጹን ከመሠረቱ ሲቀይር ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የቀድሞው እንዲመለስ የሚጠይቅ አቤቱታ ፈረሙ። የዕለት ተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከመጀመሪያው ሩብ ዓመት 191 ሚሊዮን በሁለተኛው ወደ 188 ሚሊዮን ወረደ፤ ኩባንያውም ዋናው ምክንያት ለውጡ የፈጠረው መናወጥ መሆኑን አምኗል። ማይክሮሶፍትም በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ተጠቃሚዎች ለዓመታት የለመዱትን የ«ስታርት» ቁልፍ አስወግዶ፣ ከዓመት በኋላ በ8.1 ለመመለስ ተገድዷል።

አንድ ሰው መሣሪያን ሲለምድ እጁ የሚያውቀው መንገድ የራሱ ሀብት ይሆናል፤ ንድፉን የሚቀይር ኩባንያ ይህን ሀብት ያለ ካሣ ይወስድበታል። አዲሱ ገጽ ለአዲስ መጤ ቀላል ሆኖ ለነባሩ ከባድ ሊሆን ይችላልና፣ ለውጥን በትንሽ በትንሹ ማስገባትና አሮጌውን ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ማቆየት ብዙ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ምረቃ ይሻላል።

መለኪያው ሲያሳስት

ወደ መነሻው ጉዳይ ስንመለስ አንድ የማይመች ጥያቄ ይጠብቀናል። የማቋረጫ መንገዱን ማስረዘም በአንድ በኩል «ውጤታማ» ነበር፤ የሚወጡ አባላት ቁጥር ይቀንሳልና። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ንድፍን የሚመርጡት ኤ/ቢ ሙከራ በተባለ ዘዴ ነው፤ ለግማሹ ጎብኚ አንዱን ገጽ፣ ለሌላው ግማሽ ሌላውን አሳይተው በቁጥር የበለጠውን ያስቀራሉ። ዘዴው ከግምት የተሻለ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ይሁንና የሚለካው የተጫነውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። ተታልሎ የተጫነና ወድዶ የተጫነ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት 1 ቁጥር ናቸው።

ሐሪ ብሪግነል የተባሉ የዘርፉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእንዲህ ያሉ አሠራሮች ዳርክ ፓተርን የሚል ስም አወጡላቸው፤ በአማርኛ «አሳሳች ንድፍ» ቢባል ይስማማል። ሳይታወቅ የተመረጠ ሳጥን፣ እምቢ ለማለት የሚያሳፍር ቃል፣ ለመግባት አንድ እርምጃ ለመውጣት አሥር እርምጃ የሚሉት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሕግ አውጪዎችና ተቆጣጣሪዎችም ነገሩን እንደ ማጭበርበር ማየት ጀምረዋል። ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚያመርተው ኤፒክ ጌምስ በዲሴምበር 2022 ለተጫዋቾች 245 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ የተስማማው፣ የቁልፎቹ አቀማመጥ ተጫዋቾች ሳይፈልጉ ግዥ እንዲፈጽሙ አድርጓል በሚል ክስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም በአንቀጽ 25 የኦንላይን መድረኮች ተጠቃሚን የሚያታልል ገጽታ እንዳይሠሩ ይከለክላል፤ ሕጉ ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ውሏል።

ለአሳሳች ንድፍ የሚቀርበው መከራከሪያ ሁሉም ሻጭ ያግባባል፣ ማግባባትም ወንጀል አይደለም የሚል ነው። ድንበሩ በእርግጥም ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንም፤ ለሚወጣ ደንበኛ የቅናሽ ሐሳብ ማቅረብ ማግባባት ነው፣ የመውጫውን ቁልፍ መደበቅ ግን ሌላ። ለመለየት የሚጠቅመው ጥያቄ ሰውየው የሆነውን ነገር በኋላ ቢረዳ «አዎ፣ ይህን ነበር የፈለግሁት» ይል ነበር ወይ የሚለው ነው። የዚህ መልስ በዕለቱ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም፤ ከወራት በኋላ በተመላሽ ክፍያ ጥያቄ፣ በባንክ ቅሬታና በክስ መልክ ይመጣል። ለሩብ ዓመት ቁጥሩ ብቻ የሚሸለም ቡድን ያን መልስ ለመጠበቅ ምክንያት የለውም።

በሰንጠረዡ ላይ የማይታዩት

ያው መለኪያ ጨርሶ የማያያቸው ሰዎችም አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ ያህሉ፣ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት አለባቸው። ገጽን በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም የሚጠቀም ዓይነ ስውር ደንበኛ፣ ቁልፉ ስም ሳይሰጠው በምስል ብቻ ከተሠራ ክፍያውን መጨረስ አይችልም፤ በሰንጠረዡ ላይም ጥሎ እንደሄደ ሰው ብቻ ይቆጠራል። ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ የኦንላይን ግብይትን፣ የባንክ አገልግሎትንና ስማርት ስልኮችን ጨምሮ ብዙ ምርቶች ለእነዚህ ሰዎች እንዲመቹ ያስገድዳል። በአውሮፓ ገበያ የሚሸጡ የሌላ አገር ኩባንያዎችም ከግዴታው ውጭ አይደሉም።

ገጽ መሥራት ሲረክስ

በአሁኑ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ የተሟላ ገጽ ሊያወጣ መቻሉ፣ የንድፍ ባለሙያ ከእንግዲህ ያስፈልጋል ወይ የሚል ክርክር አስነሥቷል። መልሱ ሥራው ምንድን ነው ብለን በምናስበው ላይ የተመሠረተ ነው። ሥራው ገጽ መሣል ከሆነ ዋጋው መውረዱ አይቀርም። ኤም-ፔሳን የለወጠው ግን ሰዎች በመሣሪያው ያልታሰበ ነገር ሲያደርጉ መመልከት ነበር፤ የሲቲባንክን ቅጽ ሊያድነው ይችል የነበረውም አንድ ሰው ከሠራተኛው አጠገብ ተቀምጦ «ይህ ቃል ምን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምልከታ ብዙዎች እንደሚያስቡት ውድ አይደለም። ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባቀረቡት ስሌት መሠረት 5 ሰዎችን ብቻ ሲጠቀሙ መመልከት ከአጠቃቀም ችግሮች 85 ከመቶ ያህሉን ሊያሳይ ይችላል። ስሌቱ ሲጠቀም የታየ እያንዳንዱ ሰው በአማካይ 31 ከመቶ የሚሆነውን ችግር ያጋልጣል በሚል ግምት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ገጾቹ ብዙና ተጠቃሚዎቹ የተለያዩ በሆኑበት አገልግሎት ላይ እንደማይሠራ በኋላ የመጡ አጥኚዎች ተከራክረዋል። ለትልቅ የባንክ ሥርዓት 5 ሰው ትንሽ ነው፤ ማንንም ሳያሳዩ ለገበያ ከማቅረብ ጋር ሲነጻጸር ግን 5 ሰው ብዙ ነው።

አዲሶቹ መሣሪያዎች የሚያስከትሉት አንድ ሌላ ጉዳይ እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም። እነዚህ መሣሪያዎች የተማሩት በኢንተርኔት ላይ ካሉ ገጾች ነው፤ ከእነዚያም መካከል የተደበቀ መውጫ፣ አስቀድሞ የተመረጠ ሳጥንና የሚያሳፍር የእምቢታ ቃል የያዙት ጥቂት አይደሉም። «አባላት እንዳይወጡ የሚያደርግ ገጽ ሥራልኝ» የተባለ ማሽን፣ ማንም ሰው ተሰብስቦ ሳይወስን «ኢሊያድ»ን እንደገና ሊጽፍ ይችላል። በስምምነቱ መሠረት አማዞን ከእንግዲህ ፕራይምን ለማይፈልግ ደንበኛ ግልጽ የእምቢታ ቁልፍ ማሳየት አለበት፤ «አይ፣ ነፃ ማድረሻ አልፈልግም» የሚል ቃል የተጻፈበት ቁልፍ አይፈቀድም። ያን ቃል ሰው ጻፈው ማሽን፣ ተጠያቂው ገጹን ለደንበኛ ያቀረበው ኩባንያ መሆኑ አይቀየርም።